ለጎብኚ ቡድን የባሕር ወንበዴዎች የሀብት ፍለጋ ማዘጋጀት፦ ከመንገድ ልኬታ እስከ ሣጥኑ መከፈት

የባሕር ወንበዴ ጭብጥ ያለውን የሀብት ፍለጋ ብዙ አስጎብኚዎች ይሞክሩታል፤ ብዙዎቹ ላይም መሃል መንገድ ይበተናል። አንዱ ቡድን ሁለተኛው ፍንጭ ላይ ተቸክሎ ይቀራል፣ ሌላው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ጨርሶ ስልኩን ይነካካል፣ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ ጥሩምባ ይነፋል። ባንዲራውና የዓይን መሸፈኛው አምሮ ሳለ ማን፣ መቼ፣ የት እንደሚሆን ሳይታሰብበት ስለቀረ ነው። ከታች ያለው መመሪያ በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በየጣቢያው ለእያንዳንዱ ቡድን ወደሚቀጥለው ጣቢያ የሚመራ ፍንጭና አንድ የካርታ ቁራጭ የያዘ ፖስታ ይቀመጣል፤ ቁራጮቹ ሲገጠሙ ወደ ሀብቱ ሣጥን ያደርሳሉ፤ እርዳታ የፈለገ ቡድን በጨዋታ ሳንቲም ይከፍላል። ለምሳሌ የያዝኩት 24 ጎብኚዎችን፣ 4 ቡድኖችን እና 6 የፍንጭ ጣቢያዎችን ነው። ቁጥሩን እንደ ሰዎቻችሁ ብዛት ቀይሩት። አንድ ነገር ግን አትንኩ፦ የጣቢያው ቁጥር ከቡድኖቹ ቁጥር ቢያንስ በሁለት ይብለጥ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ቀድማችሁ ቁረጡ

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት መኪናው የሚነሣበትን ሰዓት ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ።

- መግለጫና ምደባ፦ 10 ደቂቃ
- 6 ጣቢያ፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ መንገድና 7 ደቂቃ ማሰቢያ፦ 60 ደቂቃ
- ካርታ መግጠምና ሣጥኑ ጋ መድረስ፦ 10 ደቂቃ
- ሣጥን መክፈት፣ ሳንቲም ቆጠራ፣ ሽልማት፣ ፎቶ፦ 15 ደቂቃ

ድምሩ 95 ደቂቃ ይሆናል። ለሾፌሩና ቀጥሎ ለሚጠብቃችሁ ሰው ሁሉ ግን 120 ደቂቃ ብላችሁ ንገሩ። የተረፈችው 25 ደቂቃ መጸዳጃ ቤት በሚሄድ፣ ኮፍያውን ረስቶ በሚመለስና ዘግይቶ በሚደርስ ሰው ታልቃለች።

ጊዜ ካጠራችሁ በጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት አሳጥሩ። የማሰቢያውን ደቂቃ አትቀንሱ። ሰው የመጣው ለመፍታት ነው፤ የሚፈታበትን ጊዜ ከወሰዳችሁበት የሚቀረው ሩጫ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ምረጡ፣ ፈቃድ ውሰዱ

ጥሩ ቦታ አጥር ወይም ግልጽ ወሰን አለው፣ መኪና አያልፍበትም፣ ጥላና መጸዳጃ ቤትም አለው። ባሕር የግድ አይደለም፤ የሆቴል ግቢ፣ መናፈሻ ወይም አሮጌ የመኖሪያ ሰፈር ይበቃል።

ፈቃዱን ከቦታው ኃላፊ በጽሑፍ ውሰዱ። ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍበት፦ ሰዓቱ፣ የሰው ብዛት፣ ፖስታ የምታስቀምጡባቸው ቦታዎች ዝርዝር። ቅጂውን ለጥበቃዎችና ለጽዳት ሠራተኞች አድርሱ። ፍንጭ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ሠራተኛው ቆሻሻ መስሎት ሥራውን ይሠራል፣ ጥፋቱ ያልነገረው ሰው ነው።

ፈጽሞ ፖስታ የማይቀመጥባቸው ቦታዎች፦

- የኤሌክትሪክ ሣጥን አጠገብ፣ ወይም መሰላል የሚጠይቅ ከፍታ ላይ
- እጅ ሳያዩ የሚገባበት ጉድጓድ፣ የድንጋይ ሥር፣ የግንብ ስንጥቅ። እባብና ጊንጥ የሚውሉት እዚያ ነው።
- መቃብርና የጸሎት ቦታ
- ተሽከርካሪ መንገድ ማዶ
- ጥንታዊ ግንብ ላይ፣ በፕላስተርም ቢሆን። ፕላስተሩ ሲነሣ ቀለሙንና ልስኑን ይዞ ይነሣል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ክብ አድርጉት

አራት ቡድን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በአንድ መስመር ከሄደ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ተከትሎ ይሮጣል እንጂ አያስብም። ስለዚህ ጣቢያዎቹን በክብ አስቀምጡ፤ 1 ወደ 2 ይመራል፣ 2 ወደ 3፣ እያለ 6 ተመልሶ ወደ 1 ይመራል። ከዚያ እያንዳንዱን ቡድን ከተለያየ ጣቢያ አስነሡት። ከዚህ በኋላ ቡድኑን "መርከብ" እለዋለሁ፤ ለጎብኚዎቹም በዚሁ ስም ጥሩላቸው።

- ቀይ መርከብ፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6
- ሰማያዊ መርከብ፦ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 1
- አረንጓዴ መርከብ፦ 4፣ 5፣ 6፣ 1፣ 2፣ 3
- ቢጫ መርከብ፦ 5፣ 6፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4

ጣቢያ 3 እና 6 መነሻ ላይ ባዶ መሆናቸውን ልብ በሉ። ፈጣን መርከብ የፊተኛውን ሳይረግጥ የሚገባባቸው ክፍት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ጣቢያና መርከብ እኩል ከሆኑ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ወጣቶች የበዙበትን መርከብ ከ2 ወይም ከ5 አስነሡ፤ ከፊታቸው ክፍት ጣቢያ አለ። ልጆችና አዛውንቶች ያሉበትን ከ1 ወይም ከ4።

በሁለት ጣቢያ መካከል ያለው ርቀት ከ150 ሜትር አይለፍ። ብዙ ሰው ሆኖ የሚሄድ ቡድን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራመደው፤ 150 ሜትር ማለት 3 ደቂቃ ነው። የሣጥኑ ቦታ ደግሞ ከክቡ መሃል አካባቢ ይሁን፤ አለዚያ ቢጫው መርከብ ከጣቢያ 4፣ ቀዩ ከጣቢያ 6 ሲነሣ አንዱ በነጻ ይቀድማል።

ማስጠንቀቂያ፦ የክብ መንገድ አንድ ወጥመድ አለው። ሰማያዊው መርከብ በመጨረሻ ጣቢያ 1 ሲደርስ የሚያገኘው ፍንጭ ወደ 2 ይመራዋል፣ ከ2 ግን ነው የተነሣው። ግራ ተጋብቶ እንደገና ዙሩን ይጀምራል። መግለጫው ላይ "ስድስት የካርታ ቁራጭ ሲሞላላችሁ አዲሱን ፍንጭ ተዉትና ካርታውን ግጠሙ" በሉ፤ ይህንኑ ለመርከቡ ካፒቴን በሚሰጠው ካርድ (ደረጃ 9) ላይም ጻፉት። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር በጩኸቱ መሃል ይረሳል።

ደረጃ 4፦ ፍንጮቹን ጻፉ

ጨዋታው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስጡት። መጀመሪያ ፖስታው የሚቀመጥበትን ነጥብ በእግራችሁ ሄዳችሁ ምረጡ፣ ከዚያ ስለ ነጥቡ ጻፉ። ቤት ተቀምጦ ግጥም ጽፎ ቦታ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሁለት ቦታ ላይ የሚገጥም ፍንጭ ይዞ ይመለሳል።

ለእያንዳንዱ ፍንጭ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

1. አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገልጸው? "ውሃ ወዳለበት ሂዱ" ካላችሁ ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ፣ ገንዳና ፏፏቴ ሁሉ ያዳርሳሉ።
2. የሚንቀሳቀስ ነገር አልጠቀሰም? የቆመ መኪና፣ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ፣ ማስታወቂያ ነገ ላይኖር ይችላል። ግንብ፣ ደረጃ፣ ዛፍ፣ ሐውልት፣ ደወል ይቆያል።
3. መልሱን ስልክ ይሰጣል? የታሪክ ዓመት ከጠየቃችሁ አንዱ ፈልጎ ያገኘዋል፣ አምስቱ ቆመው ያዩታል። በዓይን የሚታይ ነገር አስቆጥሩ።
4. የመጨረሻው ስንኝ እጅ የሚደርስበት ነጥብ ላይ ያደርሳል?

አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንቆቅልሹ ቦታውን ይመርጣል፤ መጨረሻው ደግሞ ፍለጋውን ወደ አንድ ክንድ ያጠበዋል። ይህን እዩ፦

*ጥርስ በጥርስ ነኝ፣ እህል አልቀምስም፤*
*እኔን ሳይረግጠኝ ፎቅ የሚደርስ የለም።*
*ከሥር ቆጥራችሁ ዘጠነኛው ላይ ቁሙ፤*
*ከቀኙ ብረት ጀርባ ፈልጉ፣ አትድከሙ።*

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ደረጃውን ያስገኛሉ። ሦስተኛው ስንተኛው እርከን እንደሆነ፣ አራተኛው በየትኛው ጎን እንደሆነ ይናገራል። የኋለኞቹ ሁለቱ ባይኖሩ ስድስት ሰው ደረጃውን ሙሉ እየዳበሰ ሌላውን መንገደኛ ይዘጋ ነበር። ደረጃ መውጣት የሚያስቸግረው ሰው በመካከላችሁ ካለ ግን ይህን ፍንጭ ተዉት፤ አንድን ጎብኚ ከታች አስቁሞ የሚቀጥል ጨዋታ አታዘጋጁ።

ከስድስቱ ፍንጮች ሦስቱ እንቆቅልሽ ቢሆኑ ይበቃል። የቀሩትን ከእነዚህ ምረጡ።

የፊደል ምስጢር። የኛ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው። ቃሉን በግዕዝ ፊደል ብቻ ጻፉና ከጎኑ ስንተኛው እንደሆነ በቁጥር አስቀምጡ። "መልሕቅ" እንዲህ ይሆናል፦ መ1 ለ6 ሐ6 ቀ6። "ድንጋይ" ደግሞ፦ ደ6 ነ6 ገ4 የ6። ማክበድ ከፈለጋችሁ ከቁጥሩ ይልቅ ሰባት ምልክት ስጡ፤ መልሕቅ፣ ዓሣ፣ ሞገድ፣ የራስ ቅል፣ ኮከብ፣ ሸራ፣ ቁልፍ። የምልክቶቹን ትርጉም የያዘውን ቁራጭ በቀደመው ጣቢያ ፖስታ ውስጥ ክተቱ። መንገዱ ክብ ስለሆነ የፊደል ምስጢሩ ካለበት ጣቢያ የሚነሣ ወይም ያንኑ ፍንጭ በመነሻ ፖስታው የሚያገኝ መርከብ ቁራጩን በጊዜው አያገኘውም፤ ለእሱ ከመነሻ ፖስታው ጋር ስጡት። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ መልሱን በፊደል ቁጥር የሚያረጋግጥ ነገር አትሥሩ፤ አንዱ "መልሕቅ"፣ ሌላው "መልህቅ" ብሎ ይጽፋል። ቋ፣ ጓ፣ ኳ እና ኋ ያሉባቸውን ቃላትም ተዉ፤ ከሰባቱ ቤት ውጭ ናቸው።

የተቆረጠ ፎቶ። የቦታውን አንድ ዝርዝር ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ ወይም የግንብ ቅርጽ፣ በቅርበት አንሡና ለስድስት ቁረጡት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁራጭ ይደርሰዋል፤ ዝም ብሎ የሚከተል አይኖርም። አማርኛ የማያነቡ ጎብኚዎች ካሉ ይህ አይነቱን አብዙ። የጽሑፍ ፍንጮቹን በሁለት ቋንቋ ስታዘጋጁም ግጥሙን እንዳለ አትተርጉሙ፤ በዚያ ቋንቋ አዲስ ፍንጭ ጻፉ።

ኮምፓስና ገመድ። "40 እርምጃ ወደ ሰሜን" የሚል ትእዛዝ የባሕር ወንበዴ ሽታ አለው፤ ግን አይሠራም። የአንዱ እርምጃ 60 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 80 ከሆነ በ40 እርምጃ የ8 ሜትር ልዩነት ይመጣል። በእርምጃ ፈንታ ለእያንዳንዱ መርከብ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው የ5 ሜትር ገመድ ስጡ፤ "ከዛፉ ግንድ ወደ ምሥራቅ ሦስት ገመድና ሁለት ቋጠሮ" ማለት ለሁሉም 17 ሜትር ነው። ኮምፓሱን ብረት አጥር፣ መኪና ወይም የብረት ምሰሶ አጠገብ አታስነብቡ፤ መርፌው ይስታል። የስልክ ኮምፓስም እንዲሁ።

እያንዳንዱ ፍንጭ ሲያልቅ ሁለት የእርዳታ መስመር ወዲያው ጻፉለት፤ አንዱ ወደ መፍትሔው የሚያስጠጋ፣ ሁለተኛው ቦታውን በቀጥታ የሚናገር። በጨዋታው መሃል የሚፈጠር እርዳታ ወይ ብዙ ይናገራል ወይ ይበልጥ ያደናግራል።

ደረጃ 5፦ ወረቀት፣ ፖስታ፣ ሳንቲም

የሚያስፈልጋችሁ፦

- 24 የጣቢያ ፖስታ (6 ጣቢያ በ4 ቀለም)፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚቀጥለው ፍንጭና አንድ የካርታ ቁራጭ
- 4 የመነሻ ፖስታ። አዲስ መጻፍ አያስፈልግም፤ ለቀይ መርከብ ጣቢያ 6 ላይ ያለውን ፍንጭ ቅጂ ስጡት፣ ወደ 1 ይመራዋል። ለሰማያዊው የ1ን፣ ለአረንጓዴው የ3ን፣ ለቢጫው የ4ን።
- 24 የታሸገ ትንሽ የእርዳታ ፖስታ፤ ለእያንዳንዱ መርከብ 6፣ ቁጥር የተጻፈበት
- የሁሉም ነገር አንድ ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ
- ለእያንዳንዱ መርከብ 8 ሳንቲም

ስምንት ያልኩት ስሌት ስላለው ነው። አንድ የእርዳታ ፖስታ መክፈት 1 ሳንቲም ያስከፍላል፤ መነሻ ላይ ወዳለው አስተባባሪ ደውሎ ቦታውን መጠየቅ 2። ስድስቱን ፖስታ ከፍቶ አንዴ የደወለ መርከብ በትክክል ያልቅበታል። በየጣቢያው ጠባቂ ማቆም አያስፈልግም፤ መጨረሻ ላይ የተከፈተውን እሽግ መቁጠር ይበቃል። ሳንቲሙ ያለቀበት መርከብ ግን በነጻ ይረዳ። ከእንግዳ ሰው ጋር ስለ ሕግ አትከራከሩ።

ካርታውን ያረጀ ለማስመሰል ጠቆር ያለ ሻይ አፍሉ፣ አቀዝቅዙት፣ ወረቀቱን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንከሩትና በጠፍጣፋ ቦታ አድርቁት። በሌዘር ፕሪንተር የታተመ ጽሑፍ ውሃ አይፈታውም፤ በቀለም ፕሪንተር የታተመው ግን ሊፈስ ይችላልና አንድ ወረቀት ቀድማችሁ ሞክሩ። ጠርዙን በሻማ ማቃጠል የተለመደ ነው፤ እኔ በእጅ መቅደድን እመርጣለሁ። የተቃጠለ ጠርዝ እየተፈረፈረ ጽሑፉን ይበላል፣ ልብስም ያጠቁራል። ዝናብ ከተጠረጠረ እያንዳንዱን ፖስታ በፕላስቲክ ከረጢት ክተቱት።

ፖስታዎቹን በጣቢያ ቁጥር ለይታችሁ በስድስት ከረጢት አስቀምጡ። በመርከብ ቀለም ከለያችኋቸው ጠዋት ላይ በየጣቢያው ቆማችሁ አራት ከረጢት ትፈትሻላችሁ፣ አንዱም ይሳሳታል።

ደረጃ 6፦ ሣጥኑና ቁልፉ

ሀብቱ የመጀመሪያው መርከብ ብቻውን የሚወስደው ከሆነ ሦስቱ መርከቦች ቅር ብሏቸው ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ሣጥኑ አራቱም ካልተገኙ የማይከፈት ይሁን።

ቀላሉ መንገድ ባለ አራት አኃዝ የቁጥር ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ መርከብ አንድ አኃዝ ያመጣል። አኃዙን በካርታው ላይ አትጻፉት፤ አምስት ቁራጭ የያዘ ሰው ይገምተዋል። በስድስቱ ቁራጮች ላይ የራስ ቅል ምልክቶች በትኑና ድምራቸው አኃዙ ይሁን። አንድ ቁራጭ ቢጎድል ድምሩ ይፋለሳል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ አንድ ምልክት ይኑር። ያ ማለት አኃዞቹ ከ6 እስከ 9 ይሆናሉ። የቀለሙ ቅደም ተከተል በሣጥኑ ክዳን ላይ በአራት የቀለም ነጥብ ይታይ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም አንድ መርከብ ባይመጣም ሣጥኑ መከፈቱ ነው፤ ሦስቱ አኃዝ ከታወቀ የሚቀረው ቢበዛ አሥር ሙከራ ነው።

በሰንሰለት ላይ አራት ቁልፍ አያይዞ መዝጋትን ተጠንቀቁ። ቁልፎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀጣጥለው ከሆነ አንዱ ሲከፈት ሰንሰለቱ በሙሉ ይለቃል፣ የቀሩት ሦስት ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

ሣጥኑን አትቅበሩት። የአንድን ቦታ አፈር መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቆፋሪውም አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ አያቆምም። የአሸዋ ዳርቻ ላይ ተፈቅዶላችሁ ከሆነ ከ20 ሴንቲ ሜትር አታጥልቁት፣ የባሕሩ ሙላት ከሚደርስበት መስመር በላይ አድርጉት፣ ከሁለት ቋሚ ምልክቶች ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። አሸዋ ላይ "እዚህ ጋ ነበር" የሚባል ነገር የለም።

የተዘጋ ሣጥን ሰው በሚበዛበት ቦታ ብቻውን አይቀመጥ። አጠራጣሪ ዕቃ ተብሎ ግቢው በሙሉ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። አንድ ሰው ከአጠገቡ አይለይ።

ውስጡን በተመለከተ፦ ቸኮሌት በፀሐይ ይቀልጣል፣ ለውዝም አለርጂ ያለበትን ሰው ይጎዳል፤ ምግብ ከሆነ በቅድሚያ ጠይቁ። ጎብኚዎቹ በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ የመጫወቻ ጩቤም ሆነ ሽጉጥ አትስጡ፤ ፍተሻ ላይ ያስቆማቸዋል። ለሁሉም የሚዳረስ ትንሽ ነገር፣ ለአሸናፊው ደግሞ ቀድሞ የመምረጥ መብት ይበቃል።

ደረጃ 7፦ በማያውቅ ሰው ሞክሩት

ጨዋታውን ያላየ፣ ቦታውንም የማያውቅ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሙሉውን ዙር አስኬዱ። ከኋላ ሆናችሁ ሰዓት ያዙ። አፋችሁን ዝጉ። ጣታችሁን መቀሰር እንኳ የለም።

ከ7 ደቂቃ በላይ የወሰደ ፍንጭ ይስተካከል። ከ1 ደቂቃ በታች ያለቀም እንዲሁ። ሞካሪዎቹ የተሳሳተ ቦታ ከሄዱ ለምን እንደሄዱ ጠይቋቸውና ያንን ቦታ የሚያስወጣ አንድ ቃል ጨምሩ። ሙከራውን ጨዋታው በሚካሄድበት ሰዓት አድርጉት፤ ጠዋት ጸጥ ያለው ግቢ ከሰዓት ሠርግ ሊሞላው ይችላል፣ የተቆለፈ በርም ያኔ ነው የሚገኘው።

ደረጃ 8፦ የጨዋታው ቀን

ፖስታዎቹን ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አስቀምጡ፤ ማታ አይደለም። ማታ የተቀመጠ ፖስታ ነፋስ፣ ዝናብና ልጆች ያገኙታል። እያንዳንዱን ካስቀመጣችሁ በኋላ ሁለት ፎቶ አንሡ፦ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ከአምስት ሜትር። አንድ መርከብ "የለም" ብሎ ሲደውል ተሯሩጣችሁ ከመሄድ ፎቶውን ትልኩለታላችሁ። በፖስታው ላይ "ጨዋታ ነው፣ እባክዎ አያንሡት" ብላችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ።

ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋችኋል። አንዱ መነሻው ላይ ስልክ ይዞ ይቀመጣል፣ ዋናው የመልስ ወረቀትና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን እሱ ጋ ይሁን። ሁለተኛው ሣጥኑን ይጠብቃል። ሦስተኛው መጠባበቂያ ፖስታዎቹን ይዞ ክቡን በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል፤ በተቃራኒ ሲሄድ ከሁሉም መርከብ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል።

አልባሳት አታብዙ። የጭንቅላት ጨርቅ በየመርከቡ ቀለም በቂ ነው፣ ማን የማን እንደሆነም ከሩቅ ያሳያል። የዓይን መሸፈኛ አድርጎ የሚራመድ ሰው የርቀት ግምቱ ስለሚዛባ ለፎቶ ብቻ ይሁን። የእንጨትም ሆነ የፕላስቲክ ጎራዴ አያስፈልግም።

ደረጃ 9፦ መግለጫው

ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ሰዎቹን እናንተ መድቡ፤ ባልና ሚስትን ወይም ወላጅና ልጅን አትለያዩ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡትን ግን ማደባለቅ ይቻላል። በአንድ መርከብ ከ4 በታች ከ6 በላይ ሰው አይሁን።

አራት ኃላፊነት በካርድ ስጡ። ካፒቴኑ ክርክር ሲነሣ ይወስናል። የስንቅ ሹሙ ሳንቲሙንና የእርዳታ ፖስታዎቹን ይይዛል። መንገድ መሪው ካርታውንና ኮምፓሱን። ቃኚው ደግሞ ማንም ከኋላ እንዳይቀር ያያል። ካፒቴኑን መርከበኞቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ የባሕር ወንበዴዎችም ካፒቴናቸውንና ስንቅና ምርኮ የሚያከፋፍለውን ሹም በድምፅ ይመርጡ ነበር፣ ሕጋቸውንም ጽፈው ይፈራረሙበት ነበር።

ያንን ፊርማ ተጠቀሙበት። የደኅንነት ሕጎቻችሁን "የመርከብ ቃል ኪዳን" ብላችሁ በአንድ ገጽ አዘጋጁና ሁሉም ይፈርሙ፦

1. አንሮጥም።
2. ከወሰኑ አንወጣም፣ አጥር አንዘልም፣ ድንጋይ አንገለብጥም።
3. የራሳችንን ቀለም ፖስታ ብቻ እንወስዳለን፣ የሌላውን አንነካም፣ ቦታውንም አንቀይርም።
4. መርከቡ አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ከቀረ ሁሉም ይቆማል።
5. ሦስት ረጅም ፊሽካ ከተሰማ የትም ብንሆን ወደ መነሻው እንመለሳለን።

ሦስተኛውን ጮክ ብላችሁ ሁለቴ አንብቡት። በደስታ አራቱንም ፖስታ ጠርጎ የሚወስድ መርከብ የሌሎቹን ጨዋታ ሳያውቅ ይገድላል።

ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ስጡ፣ ከመነሣታቸው በፊትም አንዴ ያስደውሏችሁ። ኔትወርክ የማይይዝ ስልክ ያኔ ይታወቃል።

ደረጃ 10፦ ጨዋታው ሲሄድ የሚበላሹ ነገሮች

*ፖስታው ጠፍቷል።* ፎቶውን ላኩ። ከ2 ደቂቃ በኋላም ካላገኙ ዟሪው አስተባባሪ መጠባበቂያውን ያድርስ። ለዚህ ሳንቲም አይቆረጥም።

*ሁለት መርከብ አንድ ጣቢያ ላይ ተገናኙ።* ቀድሞ የደረሰው ፖስታውን ወስዶ ቢያንስ 20 ሜትር ራቅ ብሎ ያንብብ። የኋለኛው 2 ደቂቃ ይጠብቅ።

*አንዱ መርከብ በጣም ቀደመ።* አታስቁሙት። "የቀረ ጊዜ ካላችሁ" የሚል ተጨማሪ ሥራ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ለምሳሌ የመርከባቸውን ባንዲራ መሣል ወይም መፈክር መግጠም። ሽልማት ላይ ለሁሉም ያቀርባሉ።

*አንዱ መርከብ በጣም ዘገየ።* 50ኛው ደቂቃ ላይ አራተኛ ጣቢያውን ያልጨረሰ ካለ ዟሪው አስተባባሪ የቀሩትን ቁራጮች ይዞለት ይሂድ። ወደ ሣጥኑ ከሌሎቹ ጋር እኩል መድረሱ ከሙሉ ዙሩ ይበልጣል። "አልቻላችሁም" የሚል ቃል አይውጣችሁ፤ "አድማሱ ላይ ጠላት ታይቷል፣ አቋራጩን ያዙ" ብላችሁ ስጧቸው።

*ዝናብ መጣ።* ቀላል ከሆነ ቀጥሉ። መብረቅ ካለ ወዲያውኑ ሦስት ፊሽካ። ለዚህ ሲባል ሦስት ፍንጭ ብቻ ያሉት፣ በአንድ አዳራሽ የሚጫወቱት አጭር ጨዋታ በፖስታ ታሽጎ ይጠብቅ።

*አንድ ሰው መጫወት አልፈልግም አለ።* አትጎትጉቱት። ሣጥኑ ጋ ከጠባቂው ጋር ተቀምጦ የአቆጣጠሩ ዳኛ ይሁን። ብዙ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚደሰተው እሱ ነው።

*ቁልፉ እምቢ አለ።* የመጀመሪያው ምክንያት የቀለሙ ቅደም ተከተል መሳሳት ነው፣ ሁለተኛው የራስ ቅሎቹ በትክክል አለመቆጠር። ቁልፉን ራሳችሁ ጠዋት ከፍታችሁ የዘጋችሁት ከሆነ ሌላ ምክንያት የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠቁሙና ተዉአቸው፤ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ የሚቆጥርባት ያች ደቂቃ ትቆይላቸው።

ደረጃ 11፦ መክፈትና ማንሣት

አራቱም ሳይደርሱ ማንም ቁልፉን አይንካ። ካፒቴኖቹ በተራ አኃዛቸውን ያስገቡ፣ የመጨረሻውን ዕድሜው ትንሹ ልጅ ወይም ዳኛው ይክፈተው። ከዚያ የስንቅ ሹሞቹ ሳንቲማቸውን ይቁጠሩ፣ እናንተ የተከፈቱ እሽጎችንና የስልክ ጥሪዎችን ቁጠሩ። ብዙ ሳንቲም የቀረው መርከብ መጀመሪያ ይመርጣል፤ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የደረሰው። በሰዓት ብቻ ካወዳደራችሁ አዛውንቶቹ ያሉበት መርከብ ከመጀመሪያው ተሸንፏል።

ጎብኚዎቹ ፎቶ ሲነሡ ዟሪው አስተባባሪ ክቡን አንዴ ይዙር። በየጣቢያው አራቱም ፖስታ መነሣቱን፣ ገመድና ፕላስተር አለመቅረቱን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክር። ለቦታው ኃላፊ ማለቁን ንገሩ። የእያንዳንዱን ጣቢያ ደቂቃና የተከፈቱትን የእርዳታ ፖስታዎች በዋናው ወረቀት ላይ እዚያው ጻፉ፤ ሦስት መርከብ የከፈተው የእርዳታ ፖስታ የየትኛው ፍንጭ እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ለሚቀጥለው ቡድን እንደገና መጻፍ ያለበት እሱ ነው።